ሰው የማያስፈልገው ጣቢያ

ልጄ ጃፓን ውስጥ የባቡር ትኬት ትሸጣለች። ባለቤቴ ይህን ነገር እንዲህ ራቁቱን ማቅረብ አትወድም ነበር። ኖርዝላንድ ሰፈር ያለው የሐበሻ ግሮሰሪ ውስጥ በርበሬ ስትመርጥ የሚያገኟት ሴቶች “ልጅሽ የት ደረሰች?” ሲሏት፣ “ጃፓን ናት፤ ከመንግሥት ጋር ነው የምትሠራው” ትላቸዋለች። ሴቶቹም ዲፕሎማት የሆነች መስሏቸው ይመርቋታል። እኔ ነገርን በስሙ መጥራት ስለምወድ፣ የመራቂዎቹ ፊት ሲለወጥ ማየትም ስለማልጠላ፣ ጋሪውን እየገፋሁ ከኋላ “ትኬት ነው የምትሸጠው” እላለሁ። ከዚያ እስከ መኪናችን ድረስ ባለቤቴ አታናግረኝም።

ልጅቷ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ተወልዳ እዚያው አጠገብ ዌስተርቪል ያደገች ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ጃፓን ስትሄድ አንድ ዓመት ብቻ ተብሎ ነበር። አንዱ ዓመት እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። የተመደበችበትን ቦታ እነሱ ከተማ ይሉታል፤ እኔ በፎቶ እንዳየሁት በተራራ መካከል የተወሸቀ፣ ከነዋሪው አብዛኛው ጡረተኛ የሆነ ሸለቆ ነው። በመጨረሻ ተማሪ እያለቀ ሄዶ ትምህርት ቤቱ ከጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት ጋር ተቀላቀለና ሥራዋ አበቃ። እኛም ክፍሏን ቀለም ቀባን። ኮሌጅ ሳለች የምትነዳት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ከቤታችን ፊት ድራይቭዌያችን ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ ባትሪዋ እንዳይሞት በየእሁዱ የማስነሣት እኔ ነኝ።

ልጅቷ ደውላ አልመጣም አለች።

የሸለቆውን ጣቢያ የትኬት መስኮት ለረጅም ዘመን የያዙት አሮጊት እግራቸው ደክሞ ሥራውን ሊተዉ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ “ግማሽ ቀን መስኮቱ ላይ ተቀመጪ፣ ግማሽ ቀን ልጆች አስጠኚ” ብሏታል። እሷም እሺ ብላለች።

“እስከ መቼ?” አለች እናቷ።

“አላውቅም፣ ማሚ።” በእንግሊዝኛ ነው የመለሰችው። ልጆቻችን ልባችንን ሲሰብሩ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ የሚያውቁት ምግብ መጠየቅ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። “አሁን ካልመጣች አትመጣም” አለች። ከዚያ በኋላ በቤታችን የተደረገው ሁሉ የተደረገው ለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

እኔ ሰውን የምረታው በንባብ ነው። ዕቃ በምጭንበት ዌርሃውስ ውስጥ በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ስልካቸው ላይ ኳስ ሲያዩ እኔ ስለ ጃፓን የገጠር ባቡር ጣቢያዎች ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ለመውደድ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ስለ ተከሳሹ እንደሚያነበው ነው ያነበብኩት።

መጀመሪያ ያገኘሁት የኢንተርኔቱን ለቅሶ ነው። በረዶ የለበሰች ጣቢያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ አምፖል፤ ከሥሩ “ሰብዓዊነት ማለት ይህ ነው!” የሚል አስተያየት። ጸሐፊው ፖስታውን ሊያመጣ ከደጁ እስከ ፖስታ ሳጥኑ በመኪና የሚሄድ አሜሪካዊ ለመሆኑ ቤቴን አስይዛለሁ። ይህን የእንባ ጎርፍ ተሻግሬ ወደ አሠራሩ ስገባ ግን ለክሴ የሚጠቅም ብዙ ነገር አገኘሁ።

በእንዲህ ያሉ መስመሮች ላይ አብዛኞቹ ጣቢያዎች ሠራተኛ የላቸውም። ባቡሩ ብዙ ጊዜ አንድ ፉርጎ ነው፣ በናፍጣ የሚሄድ፤ ሹፌሩም ብቻውን ነው። ተሳፋሪው በኋላ በር ይገባና በሩ አጠገብ ካለች ማሽን ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ይመዛል። ከሹፌሩ ራስ በላይ ሰሌዳ አለ፤ ባቡሩ ጣቢያ ባለፈ ቁጥር ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር ያለው ሂሳብ ከፍ ይላል። ሰውየው ሲወርድ በፊት በር በኩል ሄዶ ወረቀቷንና ሳንቲሙን ሹፌሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ይጨምራል፤ ሹፌሩ አይቶ ያመሰግነዋል። ከእኛ አገር ታክሲ የረዳቱን ጩኸት ቀንሰህ፣ ረዳቱን ራሱንም ቀንሰህ የቀረው ማለት ነው። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ከወዲያ የሚመጣው ባቡር እስኪደርስ ይኸኛው መተላለፊያ ባለበት ጣቢያ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማንም አያጉረመርምም። ሹፌሩ ነጭ ጓንት አጥልቆ መብራቱን በጣቱ እየጠቆመ “አረንጓዴ ነው!” ብሎ ለራሱ ይናገራል። እኛ ዘንድ ብቻውን እየጠቆመ የሚያወራ ሰው ጠበል ይወሰዳል፤ እነሱ ባቡር ይሰጡታል።

መስኮቱ ላይ ሰው ያለባቸው ጣቢያዎችም አሉ። ነገር ግን ያ ሰው ብዙ ጊዜ የባቡር ድርጅቱ ሠራተኛ አይደለም። ድርጅቱ አያዋጣኝም ብሎ ሰዎቹን አንሥቷል፤ መስኮቱን ማዘጋጃ ቤት ወይም የሰፈር ባለሱቅ በትንሽ ኮሚሽን ይይዘዋል። ጣቢያውን ከፀጉር ቤት ጋር ያጣመሩ አሉ፣ ከሾርባ ቤት ጋር ያጣመሩ አሉ። ባቡሩን የሚያስነሡት እነሱ አይደሉም፣ የሚያስቆሙትም እነሱ አይደሉም። ትኬት ይሸጣሉ፣ ይጠርጋሉ፣ በረዶ ይዝቃሉ፣ ዛሬ ባቡሩ ዘገየ ወይ ለሚል አሮጊት መልስ ይሰጣሉ።

ይህን ሳነብ ዌርሃውሱ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ማስረጃዬን አገኘሁ። መስኮቱ ቢዘጋ ባቡሩ ትንሽ እንኳ አይዘገይም፤ ሹፌሩ በሳጥኑ ይሰበስባል። ልጄ ሕይወቷን ልትሰጥ የተነሣችው፣ ባለቤቱ ራሱ አያስፈልገኝም ብሎ ለጣለው ወንበር ነው።

መቼም ሰው ሲጨቃጨቅ የማይወደውን ሁሉ ይወዳል። እኔ የምኖርበት ከተማ ሰው የሚጭን ባቡር የለውም። የዕቃ ባቡር አለ፤ ቲቪና ፍራሽ እየጫነ ያልፋል። ድሮ ሰው ይሳፈርበት የነበረውን ጣቢያ አፍርሰው አንድ ቅስት አስቀርተዋል፤ መሃል ከተማ ፓርክ ውስጥ ወደየትም የማያስገባ በር ሆኖ ቆሟል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። በዚህ ጉዳይ ኮለምበስን ለዓመታት ስሰድብ ኖሬያለሁ። ልጄ ትኬት ሻጭ በሆነች ሳምንት ግን “ቢያንስ እኛ ግልጽ ነን፣ ሬሳውን ቀብረን ድንጋይ አቁመንበታል፤ እነሱ በየቀኑ ያጥቡታል” እያልኩ መሟገት ጀመርኩ።

ማስረጃዬን ይዤ ደወልኩላት።

“ያነበብኩትን ልንገርሽ” አልኳት። “ባቡሩ ያለ አንቺ ይሄዳል።”

“አውቃለሁ፣ ዳድ።”

“አንድ ሰው አይቀርም፣ አንድ ሰው አይዘገይም። ሹፌሩ ሁሉንም ይሠራል።”

“አውቃለሁ አልኩህ እኮ። ዌስተርቪልም ያለ እኔ ይሄዳል።”

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ባለቤቴ ሰማችው። ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ቀጥሎ ያለችው ነገር በትዳራችን ዘመን ካለቻቸው ሁሉ የከፋ ነበር፦

“ሽማግሌ እንላክባት።”

“ጃፓን? ሽማግሌ? በምን?”

“በቪዲዮ ነዋ! ታዲያ በበቅሎ ይሂዱ?”

ሽምግልናን እንደ ሕዝብ ሀብት የሚያወድሱ ሰዎች አሉ። እኔ ስለሱ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፦ ትክክል የሆነው ሰው በሽበት ብዛት የሚሸነፍበት ችሎት ነው። ሽማግሌዎቹ እውነቱን አይፈልጉም፤ እሺታውን ነው የሚፈልጉት። ዋና መሣሪያቸው ደግሞ አለመቀመጥ ነው። ይመጣሉ፣ “ተቀመጡ” ይባላሉ፣ “እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም” ይላሉ። ጉልበታቸውን አስይዘው ይደራደራሉ። ልጄን እኔ በክርክር ልረታት ስችል በሌሎች ሰዎች የጉልበት ሕመም መርታት አሳፋሪ መሰለኝ፤ ተናገርኩም። ማንም አልሰማኝም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ትልቁ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ቀኝ ጉልበታቸው የተበላሸ የኖርዝላንድ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ከብሌንደን ታውንሺፕ የመጡት ሐጂ፣ ትራክ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሦስተኛው ሽማግሌ ሦስት መሆን ስላለበት የመጡ ሰው ናቸው፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከግድግዳው አጠገብ ቆሙ። ባለቤቴ ስልኩን ከትልቁ ቲቪ ጋር አገናኘችውና ደወለች።

ልጅቷ “እሁድ ደውሉ” ብላ ነበር። የእሷ እሁድ እና የእኛ እሁድ አንድ እንዳልሆነ ከመካከላችን ያሰበ የለም፤ ስለ ባቡሩ ያን ሁሉ ያነበብኩት እኔም አላሰብኩም። እኛ ቤት የእሁድ ፀሐይ ገና በመስኮት ትገባለች፤ እዚያ ሰኞ ጠዋት ሆኗል። ስልኩ ሲነሣ ግድግዳችን በሙሉ ጣቢያ ሆነ።

ልጄ የማዘጋጃ ቤቱን ሰደርያ ለብሳ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። “ማሚ! ሥራ ላይ ነኝ!” አለች። ግን ሽማግሌዎቹን አየች። ስልኩን በትኬት መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፋ ከፊቱ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላዋ መጠበቂያ ክፍሉ ወለል ብሎ ይታያል፦ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በላዩ ላይ የተደረደሩ በእጅ የተሰፉ ትንንሽ ትራሶች፣ በትራሶቹ ላይ ደግሞ ለሰኞ ክሊኒክ የተዘጋጁ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደረጉ አሮጊቶች። ከዳር ምርኩዝ የያዙ አንዲት ትንሽዬ ሴት ተቀምጠዋል። እኒህ መስኮቱን የተዉት ናቸው። ሥራውን ትተው ወንበሩን አልተዉም፤ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ይቀመጣሉ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ልጄ፣ ደህና ነሽ? እኛ ስለ እናትሽና ስለ አባትሽ ብለን መጥተናል። አገርሽ ግቢ። እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።”

“ኦ ኖ፣ ጋሼ፣ ተቀመጥ። ጉልበትህ...”

“አንተ” ተብለው ጋሼ ቅንድባቸውን አነሡ። “አሜሪካ ያሳደገቻት” አሉ ሐጂ በቀስታ። “እሺ በያቸው ልጄ” አለች ባለቤቴ ከኋላ። ልጄ አንገቷን ደፋች። በዚህ ጊዜ ባለምርኩዟ ሴት ከኋላዋ አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷም ዞራ በጃፓንኛ መለሰችላቸው። አንዲት ቃል ባይገባኝም እጆቿን ከፊቷ አጣጥፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዴት እንደተናገረች አየሁ። ለእኛ “እርስዎ”ን ያልተማረች ልጅ ለእነሱ የአክብሮት ዓይነት ሁሉ ተምራላቸዋለች! በዚያች ደቂቃ ያንን ሸለቆ፣ ያንን ጣቢያ፣ እነዚያን ትራሶች ከነሰፊዎቻቸው ጠላሁ።

በኋላ ስጠይቃት የነገረቻቸው “የወላጆቼ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሊያነጋግሩኝ ቆመው ነው” ብላ ነው። ይህ ለጃፓን አሮጊት ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ባለምርኩዟ ተነሡ። ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው፣ ወደ ስልኩ ፊታቸውን መልሰው፣ ግንባራቸው ወገባቸው እስኪደርስ ድረስ ጎንበስ አሉ። ሌሎቹም ተነሥተው ጎንበስ አሉ።

የእኛ ሽማግሌዎች ተያዩ።

“ምን እያደረጉ ነው?” አሉ ጋሼ።

“ሰላም እያሉ ነው” አልኩ። “እንዲህ ነው ሰላም የሚሉት። ግብር ሰብሳቢውንም እንዲህ ነው ሰላም የሚሉት።”

ጋሼ አልሰሙኝም። ጎንበስ አሉ። ሐጂ ተከተሉ፤ ዝምተኛውም ከግድግዳው ተላቀው ጎንበስ አሉ። ባለምርኩዟ ይህን ሲያዩ መልሰው ጎነበሱ፣ ከመጀመሪያው ጠለቅ ብለው።

“ጋሼ፣ እኚህ ሴት ከእርስዎ ሳይበልጡ አይቀሩም” አሉ ሐጂ፣ ጎንበስ እንዳሉ።

“ዝም በል፣ ገና ቀና አላለችም!”

በዚህ መካከል ባቡሩ መጣ። ልጄ “ይቅርታ!” ብላ ወደ መስኮቷ ሮጠች፤ ሳንቲም ሲንኳኳ፣ ትኬት ሲቆረጥ ሰማን። አሮጊቶቹ ትራሶቻቸውን አስተካክለው ተራ በተራ ወደ መድረኩ ወጡ፤ ልጄም የአንዷን ቦርሳ ይዛ አብራቸው ወጣች። በመስኮቱ በኩል ቢጫ ፉርጎ ቆሞ ይታያል፤ ልክ እንዳነበብኩት አንድ ብቻ፣ ልክ እንዳነበብኩት ነጭ ጓንት የለበሰ ሹፌር።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ባለምርኩዟ ብቻቸውን ቀሩ። አልተቀመጡም። እንግዳ ከፊታቸው ቆሟልና እንዴት ይቀመጣሉ? ምርኩዙ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ከእኛ በኩል ጋሼ ቀኝ እግራቸውን አሳርፈው በግራው ቆመዋል፤ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። እሳቸውም እሺ ካልተባሉ አይቀመጡም። ሁለት ግትር ሽማግሌዎች፣ አንድ ቋንቋ የላቸውም፣ በመካከላቸው ውቅያኖስ አለ፣ እና ሁለቱም ሌላው ይቀመጥልኝ ብለው ይጠብቃሉ።

“ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ በእናትዎ” አለች ባለቤቴ።

“እሷ ሳትቀመጥ?”

ልጄ ስትመለስ ነገሩ አልቆ ነበር። ጋሼ ጀርባቸውን ለቲቪው ሰጥተው ወደ እኔ ዞሩ። ሐጂ ዞሩ። ዝምተኛውም ዞሩ።

“በል ስማ” አሉ ጋሼ። “የልጅቷም ሽማግሌ ተነሥታለች። ብቻዋን መስሎን ነበር የመጣነው፤ ብቻዋን አይደለችም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ እግር፣ ቆማ እየለመነችን ነው። አሁን እኛ የምንለምነው አንተን ነው። ልጅቷን ተዋት። እሺ ካላልከን አንቀመጥም።”

“እየለመኑ አይደለም!” አልኩ። “ሰላምታ ነው! አንብቤያለሁ! ለዚያ ባቡር ደግሞ ልጅቷ አታስፈልገውም፣ አሁን በዓይናችሁ አላያችሁም እንዴ? ሹፌሩ ብቻውን...”

“እኛ ስለ ባቡሩ ማን አወራ?” አሉ ሐጂ።

ባለቤቴን አየኋት። ነገሩ የእሷ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የእሷ ነበሩ፤ ክፍሉን የቀባነው በመረጠችው ቀለም ነበር። እሷ ግን ቲቪውን ነበር የምታየው። ባለምርኩዟ ሴት ላይ ዓይኗን ተክላ ቆይታ፣ “ሊወድቁ ነው እኮ” አለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ “ተቀመጡ በላቸው” አለች።

አልኩ። “ተቀመጡ።”

ጋሼ እያቃሰቱ ሶፋው ላይ ወረዱ። በግድግዳው ላይ፣ ማንም ሳይተረጉምላቸው፣ ባለምርኩዟም በዚያው ቅጽበት ትራሳቸው ላይ ተቀመጡ። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ከመካከል ቆማ ነበር። “ዋት ጀስት ሃፕንድ?” አለች። ምን ተፈጠረ ማለቷ ነው። እናቷ “ሾርባ ትጠጫለሽ ወይ? ይበርዳል አይደል እዚያ?” ብላ ሌላ ወሬ ጀመረች።

ልጄ በክርክር አሸንፋኝ ቢሆን ኖሮ ይቅር እል ነበር። በመጎንበስ ነው የተሸነፍኩት፤ ምን እንደተጠየቀ እንኳ በማያውቁ ሴት መጎንበስ። አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሦስት የተላኩ ሽማግሌዎችን ገልብጠው ላኳቸው። ዛሬም የእኔ መዝገብ ትክክል ነው፤ ያ መስኮት አያስፈልግም። ክርክሩን ለማንም ለመድገም ዝግጁ ነኝ፤ የሚሰማኝ ግን አላገኘሁም።

ሽማግሌዎቹን ወደየቤታቸው ያደረስኳቸው በልጅቷ መኪና ነው፤ የዚያን ዕለት ስላላስነሣኋት ይጠቅማታል ብዬ። ሞርስ ሮድ ላይ ጋሼና ሐጂ መጨረሻ የጎነበሰው ማን እንደሆነ ይከራከሩ ነበር። ዝምተኛው ከኋላ ወንበር አፋቸውን የከፈቱት ያኔ ነው።

“ባቡሩ ግን ያምራል” አሉ።

መኪናዋን በዚያው ወር ሸጥናት። የገዛት በዲቪ አዲስ የመጣ፣ እኛ ዌርሃውስ የገባ ሰው ነው። ያለ መኪና እዚህ ከተማ ሰው እንደማይሆን ማንም ሳይነግረው ቶሎ ገብቶታል።

ባለፈው ቅዳሜ ግሮሰሪ ሄድን። ከበርበሬው ጆንያ አጠገብ አንዲት ሴት ባለቤቴን “ልጅሽስ፣ የት ደረሰች?” አለቻት። እኔ ጋሪውን ይዤ ከኋላ ተዘጋጀሁ።

“ጃፓን ናት” አለች ባለቤቴ። “የባቡር ትኬት ትሸጣለች።”

ከዚያ ሁለቱም የምጨምረው ነገር ካለ ብለው ዞረው አዩኝ። ጋሪውን ገፍቼ ወደ ሽሮው አለፍኩ።